ከተራረፈ የመስል ካር ኪት ሌላ መኪና ማውጣት

ሞዴል መኪና የሚሠራ ሰው ቤት ቁም ሳጥን ላይ ብትፈልጉ የተራረፈ ኪት፣ ማለትም ተገጣጥሞ ሞዴል መኪና የሚሆን የፕላስቲክ ዕቃ ያለበት አንድ ካርቶን አታጡም። ብዙውን ጊዜ መስል ካር ነው፤ ትልቅ ሞተር የተገጠመለት የድሮ የአሜሪካ መኪና። ሞተሩ ለሌላ ሥራ ተወስዷል። የፊት ባምፐሩ ወዴት እንደገባ አይታወቅም። ቦዲው ላይ ቀለም ተጀምሮ ተትቷል። ዲካሉ (በውኃ ተነክሮ የሚለጠፈው ሥዕል) ቢጫ ሆኗል። መጣሉ ያሳሳል፤ በመመሪያው መሠረት ለመገጣጠም ደግሞ ግማሹ ዕቃ የለም።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የጎደለውን ፍለጋ ይገባል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ምን ዓይነት መኪና እንደሚሠራ የጎደለው ዕቃ ይወስን። የፋብሪካው ሞተር ከሌለ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚመስል መኪና አይሠራም፣ አለቀ። ባምፐሩ ከጠፋ ወደ ድራግ (አጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚደረግ የፍጥነት) ውድድር መኪና እንሄዳለን። ጣሪያው ከተሰነጠቀ ጣሪያውን እንቆርጠዋለን። ኪቱ ሙሉ ቢሆን ኖሮ መጋዝ ለማንሳት እጃችሁ ይፈራ ነበር። የተራረፈ ኪት ጥቅሙ ይኸው ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ካርቶኑን ዘርግፉት

ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉና ሁሉንም አውጡ። ያለውን፣ የጎደለውንና ትርፍ የሆነውን ለዩ። ትርፉን አትናቁ። ኤኤምቲ የሚባለው የአሜሪካ ኪት አምራች ከ1958 ጀምሮ "ሦስት በአንድ" የሚባሉ ኪቶችን ያወጣ ነበር። አንዱን መኪና እንደ ፋብሪካው፣ ወይም እንደ ጌጠኛ፣ ወይም እንደ ውድድር መኪና አድርጎ መሥራት ይቻላል። ሌሎች አምራቾችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ስለዚህ አሮጌ ካርቶን ውስጥ ማንም ያልነካው ሁለተኛ ቸርኬ፣ የኮፈን አየር ማስገቢያ፣ የኋላ ክንፍ ተርፎ ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ ጎማዎቹን እዩ። የድሮ ኪት ጎማ ከለስላሳ ቪኒል ነው የሚሠራው። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ኬሚካል በጊዜ ብዛት እየወጣ የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ጎማው የፊት መስታወቱ ላይ ለዓመታት ተኝቶ ከነበረ የጎማው ጥርስ መስታወቱ ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ። ይህን ጠርጎ ማስለቀቅ አይቻልም። ጎማዎቹን አሁኑኑ ለብቻቸው ፌስታል ውስጥ ክተቱ። ቸርኬ ላይ ስትገጥሟቸውም ፕላስቲኩን በቀጥታ እንዳይነኩት ቸርኬውን ቀለም ቀቡት፤ ወይም ቀጭን ፎይል ጠምጥሙበት።

ቦዲው ጠምሞ እንደሆነ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡና እዩ። አንዱ ጥግ ከተነሳ በጣም ሞቃት ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አቅኑ፣ እንደያዛችሁት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩ። ውኃው የፈላ መሆን የለበትም። እነዚህ ኪቶች የሚሠሩበት ፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ቅርጹን ይለቃል።

2. ማስመሪያውን አቅርቡ

የአሜሪካ መኪና ልኬት በኢንች ነው፣ የእኛ ማስመሪያ በሚሊሜትር። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። ኪቱ 1/25 ከሆነ (ከእውነተኛው መኪና 25 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው)፣ በእውነተኛው መኪና ላይ አንድ ኢንች የሆነ ነገር ሞዴሉ ላይ አንድ ሚሊሜትር ይሆናል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። 15 ኢንች ቸርኬ 15 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ኢንች ዝቅ ያለ መኪና ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ሒሳብ ማሽን አያስፈልግም። ስለ መስል ካር የተጻፈ ማንኛውም ልኬት በቀጥታ ማስመሪያችሁ ላይ ይገኛል ማለት ነው።

አንዳንዱ ኪት ግን 1/24 ነው። አምስት ሜትር የሆነ መኪና በ1/25 ሀያ ሴንቲሜትር፣ በ1/24 ደግሞ 20.8 ሴንቲሜትር ይወጣል። ቦዲን ከሌላ ስኬል (የማሳነሻ ልክ) ሻንሲ ጋር ለማጋባት ስምንት ሚሊሜትር ብዙ ነው። ለቸርኬ፣ ለወንበር፣ ለሞተር ግን ማንም አያውቅባችሁም። ከሁለቱም ስኬል ያለ ሐሳብ ቀላቅሉ።

3. ምን ይሠራ?

ቦዲው ደህና ሆኖ የጠፋው ቸርኬና ጥቃቅን ነገር ከሆነ "ዴይ ቱ" የሚባለውን ሥሩ። አንድ ወጣት በ1969 ሮድ ራነር የሚባለውን የፕሊመዝ መኪና አዲስ ገዝቶ በማግስቱ የሚነካካውን ያህል ብቻ የተነካካ መኪና ነው። የፋብሪካው ቸርኬ ወጥቶ ባለ አምስት ክንድ ክሮም ቸርኬ ይገባል። የኋላ ጎማው ከፊቱ ወፈር ይላል። የኋላው ቂጥ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከፍ ይላል። መሪው ዘንግ ላይ የሞተር ዙር መቁጠሪያ ይታሰራል። የኋላው አክስል እንዳይጠማዘዝ ከባሌስትራው ሥር የሚታሰሩት ዘንጎች ደግሞ ከሁለት የፕላስቲክ ቁራጭ ይሠራሉ። ቀለሙ የፋብሪካው ይሁን። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሲያልቅ በጣም እውነት የሚመስለው ይኼኛው ነው።

የፊት ባምፐርና የፊት እግር ከጠፋ ጋሰር አለላችሁ። የ1960ዎቹ የድራግ መኪና ነው፣ ፊቱ ወደ ላይ የተነሳ፣ የፊት እግሩ በአንድ ቀጥ ያለ አክስል የተሠራ። አክስሉን ከሦስት ሚሊሜትር የፕላስቲክ ዘንግ ቁረጡ። ባሌስትራውን ሁለት ሚሊሜትር ስፋትና ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ ሥሩ፤ ሦስቱን እያሳጠራችሁ ደርቡና አጣብቁ። ከፍታውን በደስታ አታብዙት። በዘመኑ ደንብ የሞተሩ ክራንክ (ከሞተሩ ግርጌ የሚዞረው ዘንግ) መሐል ከመሬት ከ24 ኢንች በላይ መውጣት አልነበረበትም። ስለዚህ ከጠረጴዛው እስከ ክራንኩ 24 ሚሊሜትር ነው ገደባችሁ። ብዙ ጋሰር ሞዴል አስቂኝ የሚመስለው ከዚህ ስለሚያልፍ ነው። የ1964 ወይም የ1965 ቦዲ ለዚህ ይስማማል። የ1969 ዶጅ ቻርጀር ላይ ግን ጋሰር አይጥመኝም፤ ያን የመሰለ ረዥምና ዝቅ ያለ ቦዲ ፊቱን አንስቶ ማየት ያስከፋል። የእናንተ ዓይን ሌላ ሊል ይችላል።

ቦዲው የ1965 ዶጅ ወይም ፕሊመዝ ከሆነ ደግሞ ከዚህ የባሰ እብደት አለ። በዚያ ዓመት ክራይስለር ለድራግ ተወዳዳሪዎች ባዘጋጃቸው ጥቂት መኪናዎች ላይ የኋላውን አክስል 15 ኢንች፣ የፊቱን 10 ኢንች ወደ ፊት ገፍቶ ነበር። ክብደቱ የኋላ ጎማ ላይ እንዲያርፍ ነው። ሞዴሉ ላይ 15 እና 10 ሚሊሜትር ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የኋላውን የጎማ ቀዳዳ ከዙሪያው የቦዲ ጎን ጋር አንድ ቁራጭ አድርጋችሁ በመጋዝ አውጡ። ከፊቱ ያለውን 15 ሚሊሜትር ስፋት ቁራጭም አውጡ። ከዚያ ቦታቸውን አለዋውጡ፤ የጎማው ቀዳዳ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከፊት የወጣው ቁራጭ ከኋላው የቀረውን ክፍተት ይደፍናል። ከውስጥ በኩል ስስ ፕላስቲክ ደርባችሁ አጠናክሩት። የፊቱንም በዚያው መንገድ 10 ሚሊሜትር ግፉ። ሁለቱ ጎኖች እኩል እንዲወጡ መጀመሪያ በወረቀት ቅዱና ወረቀቱን ገልብጣችሁ ለሌላው ጎን ተጠቀሙበት።

የኋላ ወለሉ ወይም የኋላ እግሩ ከጎደለ "ፕሮ ስትሪት" ይሁን። በ1980ዎቹ የገነነ ስልት ነው። ግዙፍ የኋላ ጎማ ከፓራፋንጎው ሥር ሙሉ በሙሉ ይገባል። ለዚህ የውስጡ የጎማ ቤት ተቆርጦ ሰፊ ይደረጋል። ክብ የፕላስቲክ ክዳን ለሁለት ሰንጥቃችሁ አዲስ የጎማ ቤት አውጡበት። አክስሉን ከመሐሉ አሳጥሩ። የጎማው የውጭ ጠርዝ ከፓራፋንጎው ከንፈር ወደ ውስጥ ይግባ፤ ወደ ውጭ ከወጣ ፕሮ ስትሪትነቱ ቀረ።

ሞተር ከሌለና እጃችሁ ላይ የአዲስ ስፖርት መኪና ኪት ካለ "ፕሮ ቱሪንግ" ቀላሉ ነው። የድሮ ቦዲ፣ የአዲስ መኪና እግር። ከ1997ቱ ኮርቬት ጋር የመጣው የኤልኤስ ሞተር በእውነተኛው ዓለም ስንት አሮጌ ካማሮና ሼቬል ውስጥ እንደገባ ስለምታውቁ ማንም አይጠይቃችሁም። ባለ 18 ሚሊሜትር ቸርኬ፣ ስስ ጎማ፣ ከቸርኬው ክንድ ኋላ የሚታይ ትልቅ የፍሬን ዲስክ አድርጉለት። መኪናው ዝቅ ይበል።

የጎን መስታወት ብቻ ከጎደለና ቦዲው ካማሮ፣ ማስታንግ ወይም ቻሌንጀር ከሆነ ትራንስ ኤም በሚባለው የዙር ውድድር የሚሮጥ መኪና ይወጣዋል። መኪናው ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቅ የካቢን ውስጥ የብረት መከላከያ ከፕላስቲክ ዘንግ፣ አንድ ወንበር፣ በሩ ላይ ቁጥር። ብዙም አያደክምም።

ጣሪያው የተሰበረ ወይም የኋላ መስታወቱ የቀለጠ ቦዲ ካላችሁ ፒክአፕ አድርጉት። ሼቭሮሌት ከሼቬል ኤል ካሚኖን አውጥቷል። ዶጅ ግን በዚያ ዘመን ከቻርጀር ፒክአፕ አላወጣም፤ እናንተ አውጡለት። ጣሪያውን ከበሩ ኋላ ቆርጣችሁ ጣሉ። የካቢኑን የኋላ ግድግዳ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ፕላስቲክ አቁሙ። የኋላው መስታወት አሁን ጠፍጣፋ ስለሆነ ከማንኛውም ጥርት ያለ ማሸጊያ ይቆረጣል። የጭነት ወለሉን አንጥፉ። የውስጥ ስፖንዳውን መሥራት አትርሱ፣ አለዚያ የቦዲው ስስነት ያሳብቅባችኋል።

ቦዲው ጨርሶ የተጎዳ ከሆነስ? የዛገ መኪና ይሁን። ስለ ዝገቱ ወደ ታች እመለሳለሁ።

4. የድሮውን ቀለምና ክሮም ማውለቅ

ለቀለሙ ጠንከር ያለ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ተጠቀሙ። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ቦዲውን ዘፍዝፉና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። አንዳንዱ ቀለም ለአልኮል አይበገርም። ለእሱ የምድጃ ማጽጃ አለ፤ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ ግን ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ ደጅ ላይ። አሴቶን እንዳታስጠጉ፤ ከቀለሙ ጋር ቦዲውንም ይወስደዋል። መስታወቶቹንም ከነዚህ ሁሉ አርቁ።

ክሮሙ የተላጠ ክፍል በተራ በረኪና ውስጥ ይነከር። ክሮሙ የአልሙኒየም ስስ ሽፋን ስለሆነ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ከሥሩ ቢጫ ቫርኒሽ ብቅ ይላል፤ እሱም በምድጃ ማጽጃው ይለቃል። በሁለቱ መካከል ዕቃውን በውኃ አጥቡት። በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከአልኮል፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

5. አቋሙን መጀመሪያ ጨርሱ

ቀለም ከማሰባችሁ በፊት ቦዲውን፣ ሻንሲውንና አራቱን ጎማ በወረቀት ፕላስተር አያይዛችሁ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ዓይናችሁን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርጋችሁ በጎን ተመልከቱ። ጎማው በፓራፋንጎው ቅስት ውስጥ የት ነው ያለው? መሐል ነው? ወደ ኋላ ሸሸ? በቅስቱና በጎማው መካከል ያለው ክፍተት ከፊትና ከኋላ ምን ያህል ይለያያል?

ሞዴል መኪና ከሩቅ ሲታይ ልክ የሚሆነውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በጣም ያማረ ቀለም ተቀብቶ አራቱም ጎማ እንደ ሰረገላ የተንጠለጠለበት መኪና ስንቴ አይተናል። ለማውረድ ባሌስትራው የሚያርፍበትን ወይም አክስሉ የሚገባበትን ቦታ ፋቁ። ለማንሳት ስስ ፕላስቲክ ከሥሩ ደርቡ። ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ልዩነቱ ይታያል። ስትጨርሱ አራቱም ጎማ መሬት መንካታቸውን መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ ፈትሹ፣ ልኬቱንም ጻፉት።

6. ቦዲው

ኪቱ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ የተዋቸው ስስ መስመሮች ቦዲው ላይ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ በፓራፋንጎው አናት ላይ ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳሉ። ቀለም ሲያርፍባቸው ቁልጭ ብለው ስለሚታዩ በምላጭ ጀርባ ፋቁና በ400 ቁጥር ከዚያም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የበርና የኮፈን ክፍተቶችን ደግሞ በምላጩ ጫፍ ጀርባ ደጋግማችሁ በመጎተት አጥልቁ። ወፍራም ቀለም እነዚህን ነው ቀድሞ የሚሞላው።

ለተቆረጠ ቦታ ሱፐር ግሉ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱ፣ ወዲያው ይጠነክራል። ቶሎ ካልፋቃችሁት ከፕላስቲኩ በላይ ይደድርና ዙሪያውን ትቦረቡራላችሁ። ለሰፊ ቦታ በሁለት ቱቦ የሚቀላቀለው ስቱኮ ይሻላል፤ እንደ አንዱ ቱቦ ስቱኮ ሲደርቅ አይሰበሰብም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት አንድ ዘዴ። ቦዲው ላይ በትንንሽ ፊደል ወጥቶ የተቀረጸው የመኪናው ስም፣ "ቻርጀር" ወይም "ጂቲኦ" የሚለው፣ ከቀለም በኋላ በብሩሽ ብር መቀባት አይሆንለትም። ፊደሉ ከፀጉር ይቀጥናል። ስለዚህ የመሠረት ቀለሙ ከደረቀ በኋላ፣ ከዋናው ቀለም በፊት፣ ጽሑፉ ላይ ለሞዴል የሚሆን ተለጣፊ የብረት ፎይል ለጥፉ። በስቴኪኒ ጫፍ እየተጫናችሁ በፊደሎቹ መካከል አስገቡት። ዙሪያውን በአዲስ ምላጭ ቁረጡና ትርፉን አንሱ። ከዚያ መኪናውን በሙሉ ፎይሉንም ጨምራችሁ ቀቡ። ቀለሙ ሲደርቅ በቀለሙ ቲነር እርጥብ ያለ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ የፊደሎቹን አናት ብቻ በስሱ እበሱ። ቀለሙ ከአናታቸው ይለቅና ብሩ ብቅ ይላል፣ በመካከላቸው ያለው ቀለም ይቀራል። ክሊር (ጥርት ያለው የላይኛው ሽፋን) የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው።

7. ሞተሩን ሽቦ ማልበስ

ኮፈኑ ተከፍቶ የሚታይ ሞተር ካላችሁ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉት። የካንዴላ ሽቦ ውፍረቱ ስምንት ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ1/25 0.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ከአሮጌ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ የሚወጣ ስስ ሽቦ ይበቃል። ወፍራም ሽቦ ከገባ ሞተሩ ማካሮኒ የተደፋበት ይመስላል።

አንድ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ስምንት የካንዴላ ሽቦና አንድ የኮይል ሽቦ አለው፣ በድምሩ ዘጠኝ። ኪቱ ላይ ያለውን ዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) አናት በ1.2 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሱት። ዘጠኙን ሽቦ አንድ ላይ ይዛችሁ ጫፋቸውን በሱፐር ግሉ አጣብቁና ቀዳዳው ውስጥ ትከሉ። ሲደርቅ አንዱን ወደ ኮይሉ፣ አራት አራቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፋፍሉ።

ዲስትሪቢውተሩ የት ነው የሚቆመው? የሼቭሮሌት ቪ8 ከሆነ ከሞተሩ ኋላ፣ ከመስታወቱ በኩል። የፎርድ ቪ8፣ የክራይስለር ትልልቆቹና 426 ሄሚ የሚባለው ሞተሩ ደግሞ ከፊት፣ ከራዲያተሩ በኩል። ይህን ካጠፋችሁ የሚያውቅ ሰው ከበር ነው የሚይዛችሁ። ሄሚ ላይ ሌላም ልዩነት አለ። ካንዴላዎቹ በሲሊንደሩ አናት መሐል ስለሆኑ ሽቦዎቹ የሚገቡት ሰፊው የቫልቭ ክዳን ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። በሌሎቹ ላይ በጎን፣ ከጭስ ማውጫ ቱቦዎቹ አጠገብ ነው።

እልኸኛ ከሆናችሁ የአቀጣጠሉን ቅደም ተከተልም ጠብቁ። የዚያ ዘመን የሼቭሮሌትና የክራይስለር ቪ8 በ1-8-4-3-6-5-7-2 ነው የሚተኩሱት። ጎደሎ ቁጥሮቹ በሾፌሩ በኩል፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በሌላው በኩል ከፊት ወደ ኋላ ይደረደራሉ። ማንም አያየውም። እኔ ግን አደርገዋለሁ።

የሞተሩ ቀለምም ይናገራል። ሼቭሮሌት ብርቱካናማ፣ ፎርድ ከ1966 ወዲህ ሰማያዊ፣ ፖንቲያክ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ሄሚ ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካናማ። ኤልኤስ ከሆነ ዲስትሪቢውተር የለውም፤ ለየሲሊንደሩ የየራሱ ኮይል ስላለው ሽቦው አጭር ነው፣ ሥራውም ይቀላል። ሞተር ጭራሽ ከሌላችሁ ኮፈኑን አጣብቁት። ከሥር የሚታየው የዘይት ቋቱና ካምቢዮው ብቻ ስለሆነ እነሱን ከማንኛውም ትርፍ ሞተር ቆርጣችሁ ለጥፉ።

8. ቀለም

መኪናው የቆመበትን ዘመን አስቡ። በ1970 ዶጅና ፕሊመዝ ዓይን የሚወጋ ሐምራዊ፣ ሎሚ አረንጓዴና ብርቱካናማ ቀለም ይሸጡ ነበር። ለዴይ ቱ እነዚህ ናቸው። የ1960ዎቹ ጋሰር ብልጭልጭ ያለበት ቀለም ይወዳል። ፕሮ ስትሪት ደግሞ ሮዝና ቱርኩዋዝ ሰንጥቆ ቢሄድበትም አያሳፍረውም፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር።

ብልጭታው ግን ከስኬሉ ጋር ይሂድ። ለእውነተኛ መኪና የተሠራ ሜታሊክ ሞዴል ላይ ሲረጭ ቅንጣቱ ጠጠር ያህል ይሆናል። ቅንጣቱ የደቀቀ የጥፍር ቀለም በቲነር ቀጥኖ በኤርብራሽ (ቀለምን በአየር በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) ሲረጭ ይሻላል።

ቦዲው ቀይ ፕላስቲክ ከሆነ ቀዩ ነጭና ቢጫ ቀለም ውስጥ እየሰረገ ይወጣል። ከመሠረቱ ቀለም በኋላ አንድ ዙር ብርማ ቀለም ካለበሳችሁት ይቆማል። ደግሞ ኢናሜል (ዘግይቶ የሚደርቅ ቀለም) በላከር (ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ላይ ይቀባል፣ ላከር ግን በኢናሜል ላይ አይቀባም፤ ይሸበሸባል። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣም ስስ አድርጋችሁ እንደ ጉም እርጩ፣ የመጨረሻውን ብቻ እርጥብ አድርጉት። ኢናሜል መድረቁን ለማወቅ አሽትቱት። ከሸተተ አልደረቀም።

ለዛገው መኪና ሥራው ይገለበጣል። መጀመሪያ ሙሉ ቦዲውን ቡናማና ጠቆር ያለ ብርቱካናማ እያቀላቀላችሁ ቀቡ። ሲደርቅ የፀጉር ስፕሬይ እርጩበት። ስፕሬዩ ሲደርቅ የመኪናውን ቀለም በአክሪሊክ ቀቡ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጠንካራ ብሩሽ ውኃ አስነክታችሁ መዛግ ያለበትን ቦታ ፈትጉ። ውኃው ከሥር ያለውን ስፕሬይ ያሟሟውና ቀለሙ እየተቀረፈ ይነሳል። ዝገት የትም አይወጣም፣ ውኃ የሚያቁርበትን ይመርጣል። የኋላ ፓራፋንጎው ታች፣ የበሩ ግርጌ፣ ከኋላ መስታወቱ ሥር። ጣሪያው ቪኒል የለበሰ መኪና ከሆነ በቪኒሉ ጠርዝ ዙሪያ። የኮፈኑ መሐል ላይ ፀሐይ ቀለሙን ታደበዝዘዋለች እንጂ ዝገት ቶሎ አይበሳውም።

9. ጥቃቅኑ

የፊት ፍርግርጉ ክሮም እንዳለ ከተገጠመ አሻንጉሊት ይመስላል። በጣም የቀጠነ ጥቁር አክሪሊክ አፍስሱበት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ አናቱን በጥጥ ጥረጉ። ከሁሉም ሥራ በትንሽ ድካም ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

የጎማውን ጥርስ በብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ አሹ፤ አብረቅራቂነቱ ጠፍቶ መንገድ የነካ ይመስላል። የጠፋ የፊት መብራት መስታወት በአንድ ጠብታ ጥርት ያለ ኢፖክሲ ይተካል። የኋላ መብራት ብር ተቀብቶ በላዩ ጥርት ያለ ቀይ ቀለም ይደረብበታል። የወንበር ቀበቶ ከወረቀት ፕላስተር ይቆረጣል።

ቢጫ የሆነ ዲካል ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ለጥቂት ቀናት ስቀሉ፣ ይነጣል። አሮጌ ዲካል ውኃ ሲነካ እንዳይበታተን ቀድማችሁ በሙሉ ክሊር እርጩበት። ከዚያ ግን እያንዳንዱን ሥዕል ተከትላችሁ በመቀስ መቁረጥ ይጠበቅባችኋል።

10. መግጠም

መስታወት በሱፐር ግሉ አይለጠፍም። ጭሱ ነጭ ጉም ሆኖ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ነጭ የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ የፈሰሰውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል።

ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚቀመጠው በመጨረሻ ነው። የፊቱን አስቀድማችሁ አስገቡ፣ የቦዲውን ጎኖች በአውራ ጣት ትንሽ ገለጥ አድርጉ፣ ከዚያ ኋላውን ጣሉት። አዲስ የጎማ ቤት፣ ሰፊ የጭስ ማውጫ ቱቦ ወይም የብረት መከላከያ የገባበት መኪና እንደ ድሮው አይገባም። ለዚህ ነው ከቀለም በፊት ሁሉንም አንድ ጊዜ በደረቁ ገጥሞ ማየት የሚያስፈልገው። አልገባም ካለ አትግፉት፤ ክሊሩ መስታወቱ ጥግ ላይ ይሰነጠቃል። የሚነካካው ዳሽቦርዱ ወይም ራዲያተሩ ሊሆን ስለሚችል በባትሪ መብራት ከሥር እያያችሁ ፈልጉት፣ ከማይታየው በኩል ግማሽ ሚሊሜትር ፋቁና እንደገና ሞክሩ።